የፓይተኑ «ማይምታይፕስ»፦ መልሱ ከማሽን ማሽን ሲለያይ

የፋይልን ዓይነት ከስሙ ቅጥያ ለማወቅ ብቻ ከሆነ፣ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋው ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው «ማይምታይፕስ» የተባለ ላይብረሪ ይበቃል። የሚጫን ነገር የለውም፤ ኢምፖርት አድርጎ «ገስ ታይፕ» ለሚባለው ተግባሩ የፋይሉን ስም መስጠት ነው። ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ዲስክ ላይ ላሉ ፋይሎች «ገስ ፋይል ታይፕ» ስለተጨመረ፣ የቀድሞውን ለዩአርኤል መተው ይሻላል።

የሚመልሰው ጥንድ ነው፦ አንዱ ዓይነቱ፣ ሌላው የተጨመቀበት መንገድ። ለ«መዝገብ.ታር.ጂዜድ» ዓይነቱን «አፕሊኬሽን/ኤክስ-ታር»፣ መጭመቂያውን «ጂዚፕ» ይላል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ይጥለውና የተጨመቀውን ፋይል ታር ነው ብሎ ይልካል። መጭመቂያውን «ኮንተንት ኢንኮዲንግ» በሚባለው የኤችቲቲፒ ራስጌ ላይ ማስገባትም ሌላ ጣጣ አለው፤ ብራውዘሩ እያወረደ ይፈታውና ስሙ ጂዜድ፣ ይዘቱ ግን ተራ ታር የሆነ ፋይል ተጠቃሚው እጅ ይገባል። የሚወርደው ፋይል መጭመቂያ ጂዚፕ ከሆነ ዓይነቱን «አፕሊኬሽን/ጂዚፕ» አድርጎ መላክ ነው የሚያዋጣው፤ የፓይተን የድር ማዕቀፍ የሆነው ጃንጎም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የዓይነት ቅጥያ በትልቅም በትንሽም ፊደል ቢጻፍ ይታወቃል። የመጭመቂያ ቅጥያ ግን ፊደል ይለያል፤ ጂዜድ በትልልቅ ፊደል ከተጻፈ መጭመቂያነቱ አይታወቅም።

ትልቁ ችግር ቅጥያን ከዓይነት ጋር የሚያዛምደው ሠንጠረዥ ነው። ላይብረሪው አብሮት የተጻፈ ዝርዝር አለው፤ በዚያ ላይ ግን ከማሽኑ ያገኘውን ይጨምራል። ሊኑክስ ላይ «ኢቲሲ» ማውጫ ውስጥ ያለውን «ማይም.ታይፕስ» ፋይል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሬጂስትሪውን (የሲስተሙን የቅንብር መዝገብ) ያነባል። ለምሳሌ የዎርድ ቅጥያ የሆነው ዶክኤክስ በራሱ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ3.14 ነው። ከዚያ በፊት ባለ ቅጂ የሠራችሁት ኮድ ላፕቶፓችሁ ላይ በትክክል ይመልስና፣ ያ የሲስተም ፋይል በሌለበት ቀጭን ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ለብቻው ታሽጎ የሚሠራበት አነስተኛ ሲስተም) ውስጥ ሲገባ «ነን»፣ ማለትም በፓይተን «ምንም»፣ ይላል። ከሊኑክስ ዓይነቶች ዴቢያን ላይ «ሚዲያ-ታይፕስ»፣ አልፓይን ላይ «ሜይልካፕ» የሚባለውን ፓኬጅ መጫን ይፈታዋል።

የዊንዶውሱ ይብሳል። አንድ የተጫነ ፕሮግራም ሬጂስትሪው ውስጥ የጃቫስክሪፕትን ቅጥያ «ቴክስት/ፕሌይን» ካደረገው፣ የጃንጎ ወይም የሌላው ማዕቀፍ የፍላስክ የልማት ሰርቨራችሁ ስክሪፕቱን ተራ ጽሑፍ ብሎ ይልካል። ሞጁል ስክሪፕት ከሆነ ብራውዘሩ አልቀበልም ይላል፤ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ኮዱ ውስጥ ግን ስሕተት የለም። በላይብረሪው «አድ ታይፕ» ተግባር «ቴክስት/ጃቫስክሪፕት»ን ለቅጥያው በግድ መመዝገብ መፍትሔው ነው። ነጥቧን ከቅጥያው ፊት አትርሱ፤ ያለ ነጥብ የተመዘገበ ቅጥያ ሲፈለግ አይገኝም። እስከ 3.11 ድረስ የላይብረሪው የራሱ መልስ «አፕሊኬሽን/ጃቫስክሪፕት» ነበር፤ ከ3.12 ወዲህ «ቴክስት/ጃቫስክሪፕት» ሆኗል። የድሮውን ቃል በቃል የሚያወዳድር ቴስት ካላችሁ ይወድቃል።

በራሳችሁ ኮድ ውስጥ ከዚህ የማሽን ልዩነት የሚገላግለው ላይብረሪው ውስጥ ያለውን፣ እሱም «ማይምታይፕስ» የተባለውን ክላስ ራሳችሁ ፈጥራችሁ በሱ መጠየቅ ነው። በ3.8ና ከዚያ ወዲህ ባሉት ቅጂዎች ይህ ኦብጀክት የሚነሳው ከተጻፈው ዝርዝር ብቻ ነው፤ ሬጂስትሪውም የሲስተሙ ፋይልም አይነካካውም። የምትቀበሏቸውን አሥር ወይም አሥራ አምስት ቅጥያዎች በ«አድ ታይፕ» ጨምራችሁ ለመላው ፕሮጀክት አንዱን ብቻ ተጠቀሙ።

ያልታወቀ ቅጥያ ሲመጣ ዓይነቱም መጭመቂያውም «ነን» ይሆናሉ። ሳይፈትሹ ዓይነቱ ላይ «ስታርትስዊዝ» (የጽሑፍ መጀመሪያን የሚያይ ተግባር) መጥራት ፕሮግራሙን ይጥለዋል፤ መጠባበቂያው «አፕሊኬሽን/ኦክቴት-ስትሪም» ይሁን። የአማርኛ ስሞች ችግር የለባቸውም፤ የሚታየው ከመጨረሻዋ ነጥብ በኋላ ያለው ነውና። «የ2016 ዓ.ም ሪፖርት» ብለው ያለ ቅጥያ ያስቀመጡት ፋይል ግን «ም ሪፖርት» የሚል ቅጥያ እንዳለው ይቆጠራል።

ከተጠቃሚ የሚጫን ፋይል ላይ በዚህ ብቻ መተማመን አይቻልም። ላይብረሪው ፋይሉን ከፍቶ አያይም፤ ማንም ስሙን ቀይሮ ፒዲኤፍ ሊያስመስለው ይችላል። እዚያ ላይ የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች የሚያነበው ሊብማጂክ የተባለ ሌላ ላይብረሪ ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን የዎርድ ፋይል ውስጡ ዚፕ ስለሆነ አንዳንዴ ዚፕ ይለዋል፤ ሁለቱን ማጣመር ይበጃል።

ወደ ሰርቨር ከመውጣታችሁ በፊት «ማይምታይፕስ»ን በ«ፓይተን» ትእዛዝ ከተርሚናል አስነሡና የምትቀበሏቸውን ስሞች በሙሉ ስጡት። ያንኑ ኮንቴይነሩ ውስጥ ድገሙና ሁለቱን ውጤቶች መስመር በመስመር አስተያዩ።