«3 የፈረስ ጉልበት» የተባለው የጠረጴዛ መጋዝ፦ ከዘጠኝ ወር የድሬዳዋ ሥራ በኋላ

ባለፈው ጥቅምት ሳቢያን በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ አንድ የጠረጴዛ መጋዝ ተከልሁ። ጎኑ ላይ በትልልቅ ፊደል «3 የፈረስ ጉልበት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ሻጩም ደጋግሞ የጠራልኝ ይህንኑ ቁጥር ነበር። አሁን ሐምሌ ገብቷል። በእነዚህ ዘጠኝ ወራት በር፣ መስኮት፣ የአልጋ ርብራብና የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ስሠራበት ቆይቻለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ከማሽኑ ጠባይ ይልቅ ያ «3» የሚለው ቁጥር ነው፤ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ እስኪገባኝ ድረስ ግማሽ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለኮምፖልሳቶና ለኤምዲኤፍ መጋዙ እንከን የለውም። ጠርዙን ንጹሕ አድርጎ ይቆርጣል፤ መምሪያ ብረቱም እስከ ዛሬ ከልኩ አልተዛነፈም። ችግሩ የታየው ከደጋው የሚመጣውን ባለ 5 ሳንቲ ሜትር የባሕር ዛፍ ጣውላ በቁመቱ ስሰነጥቅ ነበር። ድምፁ ይወርዳል፣ ምላጩ ይዘገያል፣ ትንሽ ገፋ ካደረግሁት ደግሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምላጩን አስሳልሁ፤ መጠነኛ ለውጥ ብቻ አመጣ። «3 ጉልበት ይህን እንዴት ያቅተዋል?» እያልሁ ስብሰለሰል፣ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በምድር ባቡር ጋራዥ ሞተር ይጠግኑ የነበሩ አንድ ጎረቤታችን መጡና «ልጄ፣ ወረቀቱን ተወውና የሞተሩን ታርጋ አንብብልኝ» አሉኝ።

ሞተሩ ላይ የተመታችው ትንሿ የብረት ሰሌዳ በእንጨት ብናኝ ተሸፍና ስለነበር እስከዚያች ቀን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ፣ 10 አምፔር፣ ፓወር ፋክተር (ከቮልትና አምፔር ብዜት ውስጥ ሞተሩ በትክክል የሚበላው ድርሻ) 0.92፣ በደቂቃ 2840 ዙር፣ 1.5 ኪሎዋት፣ ኤስ 1 ትላለች። እርሳቸው እርሳስ ተቀበሉኝና ሒሳቡን ጣውላው ላይ ሠሩት። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ 1,500 ዋት ለ746 ሲካፈል 2 ይሆናል። ታዲያ ሦስተኛው ከየት መጣ? 220 በ10 ሲባዛ 2,200 ነው፤ 2,200 ለ746 ሲካፈል ደግሞ 2.95 ይወጣል። ወረቀቱን ያሳተመው ሰው ቮልቱን በአምፔሩ አባዝቶ ለጉልበት አካፍሎ ወደ 3 ያጠጋጋው ይመስላል። ይህ ግን ሞተሩ ከመስመሩ የሚጠይቀው እንጂ ለምላጩ የሚያደርሰው ጉልበት አይደለም። 2,200ው በፓወር ፋክተሩ በ0.92 ሲባዛ በትክክል የሚበላው 2,024 ዋት ይሆናል፤ ከዚያም ሩብ ያህሉ በሞተሩ የሽቦ ጥቅል ሙቀት፣ በኩሽኔታው ሰበቃና በማቀዝቀዣው ፋን ይጠፋና ዘንጉ ላይ 1,500 ዋት ይደርሳል። እንጨቱን የሚቆርጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ የመጣው ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ጉልበት ገዢዎች በሚያውቁት በፈረስ ሥራ መዝኖ ለማሳየት በመፈለጉ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ አብሮት የመጣው የፈረንሳዮቹ የፈረስ ጉልበት መለኪያ ደግሞ ከእንግሊዙ ጥቂት ያንሳል፤ 75 ኪሎ ክብደትን በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ የማድረግ አቅም ሲሆን 735.5 ዋት ነው። ውኃ የሞሉ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን በየሰከንዱ አንድ ሜትር ማንሣት እንደማለት ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በሁለቱ ፈረሶች መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ሥራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከቁጥር የሚገባው ጉልበቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ሕያው ፈረስ እንኳ ለጥቂት ሰከንዶች ከ10 የፈረስ ጉልበት በላይ ማውጣት ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ግን አይችልም። ሞተርም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ኤስ 1 የሚለው ምልክት 1.5 ኪሎዋቱን ሳያቋርጥ መስጠት እንደሚችል ያመለክታል፤ ኤስ 6 40 በመቶ ቢል ኖሮ ከየ10 ደቂቃው 4 ደቂቃ ብቻ ሠርቶ በቀረው ጊዜ ባዶውን መዞር ነበረበት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ተውሼ ለካሁ። ባዶውን ሲዞር 4.6 አምፔር፣ ባሕር ዛፉን በእርጋታ ስሰነጥቅ 9.8 አምፔር፣ ስገፋው ደግሞ 14 አምፔር ይስባል። 14 ላይ ዘንጉ ወደ 3 ጉልበት ይጠጋ ይሆናል፤ ግን እየተቃጠለ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ አገፋፌን ለወጥሁ። ከ10 አምፔር ሳላልፍ እንዴት እንደምገፋ እጄ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመደው፤ ሞተሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቆመም።

ሁለተኛው ትምህርት ከኬብሉ መጣ። መጋዙ ከቆጣሪው 30 ሜትር ይርቃል፤ እኔም በባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ነበር ያገናኘሁት። የሽቦው ሄዶ መመለስ 60 ሜትር በመሆኑ ወደ 0.7 ኦም ተቃውሞ አለው፤ በ10 አምፔር 7 ቮልት ይጠፋል። ይህ ቀላል ይመስላል። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከተለመደው አምስት ስድስት እጥፍ ስለሚስብ ለዚያች ቅጽበት ከ35 ቮልት በላይ ይጠፋል። መብራቱ በሚዳከምበት በምሽቱ ሰዓት ሞተሩ እያቃሰተ የሚነሣው ለዚህ ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ከቮልቱ ጋር በእኩል አይወርድም፤ በቮልቱ ካሬ ነው የሚወርደው። 220 ሳይሆን 190 ቮልት ሲደርሰው ኃይሉ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ኬብሉን በባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ከቀየርሁ በኋላ አነሣሡ ተስተካከለ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የተሻለ ዋጋ የሰጠኝ ይህ ኬብል ነው።

ግንቦትና ሰኔ ሌላ ፈተና ነበሩ። ሞተሮች ጉልበታቸው የሚጻፍላቸው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀትና ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ የሥራ ቤት ውስጥ ደግሞ የቀትሩ ሙቀት ከ40 ማለፉ የተለመደ ነው። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ሳስቶ ሞተር የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የቀኑ ቅዝቃዜ ያካክሰዋል፤ እዚያ የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ በተመሳሳይ ሞተር ይህን ያህል አልተቸገረም። የሽቦ ጥቅሉ ሙቀት ከተፈቀደለት በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የሽቦው ሽፋን ዕድሜ በግማሽ እንደሚያጥር ስለተነገረኝ፣ ከባዱን ስንጠቃ ወደ ማለዳ አዛወርሁት፤ የፋኑን መሸፈኛም በየሳምንቱ ቅዳሜ ከብናኝ አጸዳለሁ።

የተበላሸው ዕቃ ሞተሩን ለማስነሣትና ለማዞር የሚረዳው ካፓሲተር ነው። በመጋቢት አብጦ ሞተሩ መዞር ትቶ ማጉረምረም ብቻ ቀረው፤ በላዩ የተጻፈው 40 ማይክሮ ፋራድና 450 ቮልት ያለው ሌላ ተገዝቶ ተተካ። ከዚያ በቀር ኩሽኔታውም ቺንጋውም ደኅና ናቸው።

ብዙ ሰው ስለሚያምታታው አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ግራይንደር ላይ የሚጻፈው ዋት አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬት የሚስበው ነው፤ እንደ እኔው መጋዝ ባሉ ሞተሮች ሰሌዳ ላይ ያለው ኪሎዋት ግን ዘንጉ የሚሰጠው ነው። «የ2,000 ዋት ግራይንደር ከ1.5 ኪሎዋት ሞተር ይበልጣል» ብሎ የሚከራከር ሰው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው የሚያወዳድረው። ዙሩም መታየት አለበት። የእኔ 1.5 ኪሎዋት በ2840 ዙር 5 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ይጠመዝዛል፤ ያው 1.5 ኪሎዋት በ1420 ዙር ቢሆን 10 ይሆን ነበር። ወፍጮ ለሚያስበው ሰው ይህ ልዩነት ከጉልበቱ ቁጥር እኩል ይመዝናል።

መጋዙን እንደ 2 የፈረስ ጉልበት መጋዝ ካየነው ጥሩ ዕቃ ነው፤ በዚያ ስምና በዚያ ስም ዋጋ ቢሸጥልኝ ኖሮ ቅሬታ አይኖረኝም ነበር። ወረቀቱን ልጬ በቀለም «1.5 ኪሎዋት፣ ከ10 አምፔር አይለፍ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የሚያነበው እርሱን ነው። ባለፈው ሳምንት ለመላጊያ ማሽን የሚሆን «5 ጉልበት» የተባለ ሞተር ላይ ሄጄ ነበር። ሰሌዳውን በጨርቅ ጠርጌ ሳነበው 2.2 ኪሎዋት ይላል፤ በ3 ጉልበት ዋጋ እንዲሰጠኝ ጠይቄው ባለሱቁ እያሰበበት ነው።