ቀብዴን ላስመለሱልኝ የጥንት ሳንቲም መርማሪ

ይህን የምጽፈው በፍራንክፈርትና በአካባቢው የምትኖሩ፣ በተለይም የጥንት ሳንቲም ለመግዛት የምታስቡ ወገኖቼ እንድታነቡት ነው። ባለፈው ጥቅምት ከትልቅ ኪሳራ ያዳኑኝን አንድ አዛውንት የሳንቲም መርማሪ በአደባባይ ማመስገን ዕዳ ሆኖብኛል። እሳቸው ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን አድራሻቸውን እሰጣለሁ።

ወደ ግሪክ ሳንቲሞች የገባሁት በአክሱም በኩል ነው። እነ ንጉሥ እንዱቢስ በሳንቲሞቻቸው ላይ ስማቸውን ያስቀረጹት በግሪክ ፊደል እንደነበረ ሳውቅ፣ ጽሑፉን በራሴ ዓይን ለማንበብ ስል ፊደሉን አንድ በአንድ አጠናሁ፤ ከዚያም ልቤ ከእነሱ በሰባት መቶ ዓመት ገደማ ወደሚቀድሙት የግሪክ ከተሞች ሳንቲሞች አደላ። ከሁሉም አብልጬ የወደድኩት በሲሲሊ ደሴት የነበረችው፣ ዛሬ አግሪጀንቶ የምትባለው የአክራጋስ ከተማ ቴትራድራክም ማለትም ባለ አራት ድራክማ ሳንቲም ነው። በአንድ ፊቱ ክንፉን አጥፎ የቆመ ንስር፣ በሌላው ፊቱ ሸርጣን ያለበት የብር ሥራ ሲሆን፣ ከተማዪቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 በካርቴጅ ጦር ከመውደቋ አስቀድሞ የተመታ ነው።

ለዓመታት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ ከአንድ ሻጭ ጋር በ4,800 ዩሮ ተስማማሁና 1,000 ዩሮ ቀብድ ከፈልኩ። ሳንቲሙ በባለሙያ እንዲመረመርና ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ቀብዱ እንዲመለስ የሚለውን አንቀጽ በውሉ ላይ ያስጨመረችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ በበኩሌ አስፈላጊነቱ አልታየኝም ነበር። ሳንቲሙን ቤት ወስጄ ስመዝነው 17.2 ግራም ሆነ፤ ይህም የዚያ ዘመን ባለ አራት ድራክማ ሳንቲም ሊመዝን የሚገባው ልክ ነው። ማግኔት አይስበውም፣ የምስክር ወረቀትም አብሮት ነበረ።

መርማሪው ዘንድ ስደርስ ሳንቲሙን ገና ሳያዩ የጠየቁኝ ከየት እንደመጣ ነበር። ጣሊያን፣ ግሪክና ቱርክ ከምድራቸው የሚወጣን ጥንታዊ ቅርስ የመንግሥት ሀብት አድርገው ስለሚቆጥሩ፣ ታሪኩ በደረሰኝ ወይም በቀድሞ የጨረታ ካታሎግ ያልተመዘገበ ሳንቲም እውነተኛም ቢሆን ለገዢው ጣጣ እንደሚያመጣ አስረዱኝ። የእኔ ወረቀት «ከቆየ የአውሮፓ ስብስብ» ይላል እንጂ የማን ስብስብ እንደነበረ አይናገርም፤ የፈራሚውም ስም አይነበብም። እሳቸው ይህንኑ በማስታወሻቸው ላይ ካሰፈሩ በኋላ ሳንቲሙን በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

የጥንት ሳንቲም የሚሠራው በእጅ በተቀረጹ ሁለት ማኅተሞች መካከል የብር ክብ አስቀምጦ በመዶሻ በመምታት ነበር፤ ስለዚህ ብሩ በምቱ ኃይል ከመሃል ወደ ዳር ሲሸሽ እንደ ጨረር የተዘረጉ ጥቃቅን መስመሮችን ይተዋል፣ ጠርዙም አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም ግን የአየር አረፋ የተዋቸው ቀዳዳዎች፣ በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር፣ በሳሙና የታሸ የሚመስል የለዘበ ፊት ይኖረዋል። የእኔው የፈሰሰ አልነበረም፤ በእርግጥም የተመታ ነው። ቀጥለውም በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ መዘኑት። ንጹሕ ብር በመጠን ከሚተካከለው ውኃ 10.5 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ፣ ውስጡ መዳብ ሆኖ ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ ሳንቲም በዚህ ሚዛን ይጋለጣል። ይህንንም ሲያልፍ ፊቴ በራ፤ እሳቸው ግን ጥሩ ብር በማንኛውም ዘመን እንደሚገኝ ነግረውኝ ወደ ማይክሮስኮፑ ዞሩ።

ከንስሩ እግር በታች አንድ ጭረት ነበረ፤ እኔ የዘመን ጠባሳ ነው ብዬ እንዲያውም ወድጄው ነበር። መርማሪው ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳደርግ ጋበዙኝ። እውነተኛ ጭረት ብረቱን እንደ ማረሻ ትልም ስለሚከፍተው የገፋውን ብር ከግራና ከቀኝ ይከምረዋል፣ ከንፈሩም የሾለ ይሆናል። እኔ ያየሁት ጭረት ከንፈሩ የደበነ፣ ወለሉም እንደቀረው የሳንቲሙ ገጽ ለስላሳ ነበር። በሌላ አነጋገር ጭረቱ ሳንቲሙ ከተሠራ በኋላ የደረሰበት ጉዳት ሳይሆን ከማኅተሙ ላይ አብሮ የተመታ ነበር።

ይህን ካሳዩኝ በኋላ ከመደርደሪያቸው የቆዩ የጨረታ ካታሎጎችን አውርደው አንድ ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ገጽ በገጽ ፈለጉ። በመጨረሻም ከብዙ ዓመታት በፊት የተሸጠ የሌላ አክራጋስ ሳንቲም ፎቶግራፍ አወጡ፤ በንስሩ እግር ሥር ያው ጭረት፣ በሸርጣኑ ጀርባ ላይም ያው ጉድጓድ በዚያው ቦታ አለ። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች በሥዕላቸው መመሳሰላቸው የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን አንዱ በእጅ ሲዘዋወር ያገኘውን ቁስል ሌላው ሊወርስ አይችልም። አስመሳዩ ያደረገው ከአንድ እውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅጂ ማኅተም ማውጣት ስለነበረ፣ የእናቲቱ ጠባሳ ወደ ልጆቿ ሁሉ ተላልፏል። እኔ እንዲህ ያለው ማታለል ልምድ የሌለንን ብቻ የሚያገኝ መስሎኝ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ የታወቀ ሰብሳቢ እጅ የተያዙና እጅግ ከፍተኛ ዋጋ የተገመተላቸው የሲሲሊ ሳንቲሞች፣ የአክራጋስ ባለ አሥር ድራክማ ጭምር፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ፎርጅድ ሆነው መገኘታቸውን አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. ከ1772 እስከ 1830 የኖረው ዝነኛው አስመሳይ ካርል ቪልሄልም ቤከርም ለዓመታት የሠራው እዚሁ ጎረቤታችን ኦፈንባክ ውስጥ ነበር፤ አዲስ የመታቸውን ሳንቲሞች ከብረት ብናኝና ከስብ ጋር ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ ሠረገላው ላይ አስሮ በመንገድ እያንገጫገጨ ያስረጃቸው እንደነበር ይተረካል።

ሻጩ መጀመሪያ ቀብዱን ለመመለስ አንገራግሮ ነበር። መርማሪው ግን ሁለቱን ፎቶግራፎች ጎን ለጎን አድርገው፣ የጭረቱን የማይክሮስኮፕ ምስል ጨምረው፣ በስማቸውና በፊርማቸው የሦስት ገጽ አስተያየት ጻፉልኝ፤ ያንን በላክሁ በዘጠነኛው ቀን 1,000 ዩሮዬ ሙሉውን ተመለሰልኝ። ለዚህ ሁሉ ያስከፈሉኝ 90 ዩሮ ነው። ክፍያቸው የሳንቲሙ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም አይለወጥም፣ እሳቸውም ሳንቲም አይሸጡም፤ ፍርዳቸውን እንዳምን ያደረገኝ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

በጥር ወር በእሳቸው ምክር ታሪኩ በካታሎግ የተመዘገበ የአቴንስ ቴትራድራክም ገዛሁ። በአንድ ፊቱ የወይራ ቅጠል ያለበት የራስ ቁር የደፋች አቴና፣ በሌላው ፊቱ ጉጉትና አልፋ፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉበት። በጉጉቷ ደረት ላይ በመሮ የተመታ ጥልቅ ቁራጭ አለ። ዋጋውን የቀነሰው ይኸው ቁራጭ ነው፤ ለእኔ ግን የሳንቲሙ ውድ ክፍል እሱ ነው። አቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ375 ባወጣችው ሕግ መሠረት በገበያው ውስጥ ከገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ መካከል የሚቀመጥ ዶኪማስቴስ የተባለ የመንግሥት መርማሪ ነበራት፤ ይህ ሰው በሥራ ቦታው ካልተገኘ 50 ጅራፍ ይገረፍ፣ ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ የሆነ ሳንቲም ሲያገኝም ወዲያው ይቆርጠው ነበር። በምሥራቁ አገር ያሉ ነጋዴዎች ደግሞ እውነተኞቹንም ጉጉቶች ውስጣቸውን ለማየት ይቆርጧቸው ነበር። መርማሪዬ ቁራጩን በአጉሊ መነጽር ሲያሳዩኝ እስከ ታች ድረስ ብር ብቻ ነው፤ በጎድጓዱ ውስጥም በመቶዎች ዓመታት የጠቆረው ሽፋን ሳይነካ ተቀምጧል።

እሳቸው ዘንድ መሄድ የምትፈልጉ ቀጠሮ የሚሰጡት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። አስቀድማችሁ የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶግራፍ፣ ክብደቱን፣ ያላችሁንም ወረቀት ሁሉ ላኩላቸው። ሳንቲሙን ግን አትጠቡት፣ በጨርቅም አትወልውሉት፤ እሳቸው ከምንም በፊት የሚያነቡት ያንኑ ጥቁር ሽፋን ነውና።