ኢዝራ ማም ወይስ ናታን ክሊሪ? የ2023ቱ የአውስትራሊያ ረግቢ ሊግ ፍጻሜ

የብሪዝበኑ ማም ከእረፍት መልስ በተከታታይ ሶስት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ባሻገር መሬት ማስነካት) አገባ፣ ፍጥነቱ ጉድ ነው፣ 24 ለ 8 ሲመሩ አለቀ ያላለ ሰው አልነበረም። የፔንሪዙ ክሊሪ ግን እኮ አጣማሪው ሉዋይ ትከሻውን ተጎድቶ ወጥቶበት ጨዋታውን እሱ ተሸከመው፣ መጀመሪያ መስመሩን ሰብሮ ለቡድን አጋሩ ለሊዮታ ትራይ አመቻቸ፣ ቀጥሎ ከራሱ 40 ሜትር ውስጥ የመታት ኳስ ነጥራ በተጋጣሚው 20 ሜትር ውስጥ ወጣች (እንዲህ ሲሆን ኳሱ ለመቺው ቡድን ይመለሳል) ከዛ ሌላው አጋሩ ክራይተን አገባ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀር ደግሞ ራሱ ተከላካዮቹን አልፎ አስቆጠረና ከትራይ በኋላ የሚመታውን የጭማሪ ነጥብ ምትም አስገባ፣ 26 ለ 24። ማም ያበራው ቡድኑ ሲመቸው ነው፣ ክሊሪ ሲጨንቅ። የጨዋታው ኮከብ ሜዳሊያ ለክሊሪ መሰጠቱ ልክ ነው፣ ማም ግን ሶስት አግብቶ መሸነፉ በጣም ያሳዝናል።