ልጆቻችንን ቀድመው ላዳመጡልን የቋንቋ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ለዝግጅታችሁ ተናጋሪ ለምትፈልጉ ሁሉ ልጠቁማችሁ።

እኛ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር ወላጆች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን አማርኛ የሚማሩበት ትንሽ ክፍል አለን። በዓመት አንድ ቀን የወላጆች ዝግጅት እናደርጋለን። ምግብ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆቹ ግጥም ያነባሉ። ከዚያ አንድ እንግዳ ይናገራል። ዘንድሮ እንግዳ የመፈለጉ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ።

ከአምናው የተነሳ ፈርቼ ነበር። አምና የጋበዝነው ሰው መናገር ይችላል፣ ድምፁም ያምራል። ስለ ቋንቋ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቋንቋውን ያላወረሰ ወላጅ ልጁን አጣ እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ ወቀሰን። ሁለት ሥራ የሚሠሩ እናቶች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። አንድ አባት ሲወጣ አጠገቤ ቆሞ «ጥፋቴንማ አውቀዋለሁ፤ ምን ላድርግ የሚለውን ልሰማ ነበር የመጣሁት» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ይህ ንግግሩ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ስለዚህ ዘንድሮ የፈለግኩት የቋንቋ ባለሙያ ነው። ሊንጉስቲክስ የተማረ፣ አማርኛን ፈትቶ የሚገጥም፣ ሰው ፊት ቆሞ ማስረዳት የማይቸግረው። አንዲት ጓደኛዬ ዶክተርን ጠቆመችኝ። ስማቸውን እዚህ የማልጽፈው ራሳቸው «አደባባይ ላይ አታውጪኝ» ስላሉኝ ነው። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ቸግሮኝ ዝም ብዬ «ዶክተር» እላለሁ።

ስደውልላቸው ስለ ክፍያ ከማውራታቸው በፊት ጥያቄ ያዘንቡብኝ ጀመር። ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? እዚህ የተወለዱ ናቸው? ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያወራቸው ማን ነው? አያት አለ? ከወላጆቹ አንዱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የሚናገርበት ቤት አለ? አዎ፣ አራት ቤት አለ አልኳቸው። «እሱን ማወቄ ጥሩ ነው፤ ሦስት ቋንቋ ያለበት ቤት ምክሩ ይለያል» አሉኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ። «ከዝግጅቱ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥቼ ክፍሉ ጥግ ልቀመጥ?»

መጡ። ከልጆቹ ጀርባ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ጻፉ። ልጆቹ ሲጣሉ፣ እርሳስ ሲለማመኑ፣ መክሰስ ሲካፈሉ ያወሩትን ሁሉ ጻፉ። አንድም ልጅ አላረሙም። ስሸኛቸው «ሀብታም ሆኜ ነው የምመለሰው» አሉኝ። የዚያን ቀን አልገባኝም ነበር።

የዝግጅቱ ቀን ፕሮጀክተር አዘጋጅተን ነበር። አልፈለጉትም፤ ነጭ ሰሌዳ ጠየቁ። ላዩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፦ «እማዬ፣ ውሰድ።»

ደነገጥኩ። የእኔ ልጅ አባባል ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። «እማዬ ና»፣ «እማዬ ክፈት» ነው የሚለኝ። ስንት ጊዜ «እኔ ሴት ነኝ እኮ!» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ሳቅ ተነሳ። የሁሉም ቤት ነገር ነውና።

ዶክተር አልሳቁም። «ይህ ልጅ የተናገረው ልክ የሰማውን ነው» አሉ። ከዚያ አስረዱን። ልጁን እኔ «ና» እለዋለሁ። አባቱም «ና» ይለዋል። መምህሩም እንደዚያው። ለወንድ የሚነገረውን በቀን መቶ ጊዜ ይሰማል። ለሴት የሚነገረውን ከማን ይሰማ? አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቢያድግ ኖሮ ጎረቤት ለጎረቤት፣ አክስት ለአክስት «ነይ እንጂ፣ ቁጭ በይ፣ ጠጪ» ስትባባል ሲሰማ ይውል ነበር። እዚህ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ሆነን ነው የምንኖረው። እኔን በሴት አንቀጽ የሚያናግረኝ ባሌ ብቻ ነው። እሱም ማታ ስንገናኝ ደክሞት የሚያወራኝ ግማሹን በእንግሊዝኛ ነው።

ይሄን ስሰማ የተሰማኝን በቃላት መግለጽ ይከብደኛል። ልጄን ለስንት ጊዜ ያለ ጥፋቱ ተቆጥቻለሁ።

ቀጥለው ልጆቹን ወደፊት ጠሩ። ለወንድ የሚባለውን እሳቸው ይላሉ፣ ልጆቹ ለእናታቸው እንደሚሉት አድርገው ይመልሳሉ። «ውሰድ» ሲሉ «ውሰጂ»። «ክፈት» ሲሉ «ክፈቺ»። «መልስ»፣ «መልሺ»። «ለምን»፣ «ለምኚ»። «ያዝ»፣ «ያዢ»። «ምረጥ»፣ «ምረጪ»። እያንዳንዱን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፉት። ከዚያ የሚለዋወጡትን ፊደላት ብቻ አከበቡ። ደ እና ጀ። ተ እና ቸ። ሰ እና ሸ። ነ እና ኘ። ዘ እና ዠ። ጠ እና ጨ። «ምን ታያላችሁ?» አሉ።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከኋላ ጮኸች። «ባርኔጣ አደረጉ!»

እውነቷን ነው። ጀ ማለት ደ ላይ መስመር ሲጨመርባት ነው። ሸም፣ ቸም፣ ኘም፣ ዠም እንደዚያው። ጨ ብቻ ናት ከጠ ስትወጣ ጌጧን እግሯ ላይ ያደረገችው። እኔ ፊደል ቆጥሬ፣ አማርኛ ተምሬ፣ ማትሪክ ወስጄ ይሄን አንድ ቀን አስተውዬው አላውቅም። እነዚህ ፊደላት በግዕዝ አልነበሩም። አማርኛ እነዚህን ድምፆች ስለያዘ ጸሐፊዎቹ ከነባሮቹ ፊደላት ላይ ቀጥለው ሠሯቸው። የአፉ ዝምድና በፊደሉ መልክ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ደ ብላችሁ ምላሳችሁን ወደ ላንቃ ስታስጠጉ ጀ ትሆናለች። አዳራሹ ሙሉ ሰው ደ፣ ጀ፣ ደ፣ ጀ እያለ ምላሱን ሲፈትሽ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

«ክፈልስ?» አለ አንድ አባት። «እሷማ ክፈይ ትሆናለች፤ ለ ድራሿ ይጠፋል» አሉት። «ናም ነይ ትሆናለች። እነዚህን በጆሮ ነው የሚይዟቸው።»

ምክራቸው ቀላል ነበር። አትቆጡ፣ አታቋርጡ። ልጁ «እማዬ ውሰድ» ሲል «እሺ፣ እማዬ ውሰጂ አልከኝ? ይኸው ወሰድኩ» በሉት። ትክክለኛውን ሰማ፣ ጨዋታውም አልተቋረጠ። አባቶች ደግሞ ሚስቶቻችሁን ልጆቹ ፊት በአማርኛ አውሯቸው። ከአክስት ጋር በስልክ ስታወሩ ድምፁን ክፈቱት። ልጁ ሴት ከሴት ስታወራ ይስማ። ለዚህ ምንም ገንዘብ አይወጣበትም።

የዕለቱ ትልቁ ነገር ግን የመጣው በጥያቄ ሰዓት ነው። ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት አሉን፣ እማማ ነው የምንላቸው። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ማይኩን ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። «ልጆቹ አንተ ይሉኛል። አንቺ እንኳ ቢሉኝ ደግ፤ አንተ! እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉ። የልጆቹ እናት አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች።

ዶክተር ከመድረኩ ወርደው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ መጠሪያ ብቻ እንዳለው ነገሯቸው። እኛ አንተ ውሰድ፣ አንቺ ውሰጂ፣ እርስዎ ይውሰዱ፣ እናንተ ውሰዱ የምንለውን እነሱ በአንድ «ቴክ» ይጨርሱታል። ከዚያ እንዲህ አሏቸው፦ «እማማ፣ ልጁ አንተ ሲልዎት እየናቀዎት አይደለም። እሱን ሁላችንም አንተ ነው የምንለው። ያለውን ቃል ነው የሰጠዎት።»

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ «ያለውን ሰጠኝ» ብለው ደገሙት። እኔም አለቀስኩ።

ሌላም ብዙ ተወራ። አንዲት የአምስት ወር ሕፃን የታቀፈች እናት ገና ስላልገባው ምን አወራዋለሁ ብላ ጠየቀች። ተመራማሪዎቹ ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ ካናዳ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1984 ስላወጡት ጥናት ነገሯት። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች በስድስትና በስምንት ወራቸው የሌላ ቋንቋ ድምፆችን ይለዩ ነበር። ከድምፆቹ መካከል እንደ እኛ ቀ እየፈነዱ የሚወጡ ነበሩበት። አሥርና አሥራ ሁለት ወር ሲደርሱ ግን ብዙዎቹ መለየት አቆሙ። «ስለዚህ ዛሬ ማታ ጀምሪ፤ ወጡን ስትሠሪ ቀይ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ጤፍ እያልሽ አውሪው» አሏት። በሩ በአንድ ዓመት ይዘጋል ማለት እንዳልሆነ፣ ትልልቆቹም በደንብ እንደሚማሩ ጨምረው ተናገሩ።

እኔ የጠየቅኩት የቆየ ቁስሌን ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት አፉ አልፈታ ሲል፣ የወሰድኩበት ቦታ ያየው ባለሙያ «አማርኛውን አቁሙለት፣ ግራ ገብቶት ነው» ብሎን ነበር። ስምንት ወር አቆምን። ዶክተር በጣም አዘኑ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ በግልጽ ነገሩን። እውነተኛ መዘግየት ካለ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚታየው። ምርመራውም በሁለቱም መደረግ አለበት። ልጅ አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ማውራቱም ያለውን ሁሉ መጠቀሙ ነው እንጂ መደናገር አይደለም። ይሄን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ! ይህን የምታነቡ ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ያዙልኝ።

«አማርኛ ለእንጀራ ይሆናል ወይ?» ላለው ወጣት አጭር መልስ ነበራቸው። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ የሚልኩትን ወረቀት ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ። ማንበብና መጻፍ ጭምር የሚችል ልጅ እዚሁ ሥራ አለው።

አሁን እሳቸውን መጋበዝ ለምትፈልጉ። እኛ 400 ዶላር ከፈልን። ቅዳሜ መጥተው የተቀመጡበትን አላስከፈሉንም። ንግግራቸው 45 ደቂቃ ነው፣ ጥያቄው ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። የእኛ ዝግጅት 25 ደቂቃ አልፎበት የአዳራሹ ኃላፊ መብራት ማጥፋት ጀምሮ ነበር። ሰፋ ያለ ሰዓት ያዙ። ምግቡንም ከንግግሩ በኋላ አድርጉት። ሰሌዳና ሁለት ማይክ አዘጋጁ፣ አንዱ ለጠያቂ ነው። አንዳንድ ጊዜ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ እያሉ ሲሄዱ እዚህ ያደጉት ወላጆች ይጠፋባቸዋል። ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያብራሩት።

የመድረክ መሪ አይደሉም፣ አስተርጓሚም አይደሉም። ለሠርግ ወይም ለገቢ ማሰባሰቢያ የሚሆን ሞቅ ያለ ሰው ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ። ለወላጆች ቀን፣ ለአማርኛ ትምህርት ቤት፣ ለመምህራን ሥልጠና፣ ፌብሩዋሪ 21 ለሚከበረው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ግን ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም። ማንንም ብትጋብዙ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከዝግጅቱ በፊት ልጆቻችንን መጥተው ያዩልናል?»

ዶክተር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። የእማማ የልጅ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ «አያቴ፣ ይብሉ» ብሎ ዳቦ ሰጣቸው። ክፍሉን እየዞሩ ለሁላችንም አሳዩን፣ ዳቦውንም አልበሉትም፣ በሶፍት ጠቅልለው ቤት ወሰዱት። እድሜና ጤና ይስጥልን። አምላክ ያክብርልን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠይቄያቸው ፈቅደዋል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይሁን፣ ያቺን አንድ ቅዳሜ እንዲያገኟት።