ወደቁ፣ ዳኑ፤ ወደ ሞተር የሚመለሱት ብቻዎን ወይስ ከጓደኛ ጋር?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ባጃጅ ድንገት ዞሮብኝ ከወደቅኩ በኋላ ሞተሬ ስምንት ወር ቆሞ ከረመ። እግሬ ቶሎ ዳነ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ልመለስ ስል ሁለቱንም መንገድ ሞከርኩ።

ወጪው፦ ብቻዎን ከሆኑ ቤንዚን ብቻ። ከጓደኛ ጋር ከሆነ የእሱም ቤንዚን፣ ሻይም አለ።

ቅለቱ፦ ብቻን ይቀላል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ድሬ ሳትግል፣ የከዚራ ጎዳና ሜዳና ባዶ ነው። ፍሪሲዮን (በግራ እጅ የሚጨበጠውን ክላች) ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ በዝግታ መዞር፣ ፍሬን መለማመድ ይቻላል። ሞተር በዋናነት የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። እኔ ግን ከወደቅኩ ወዲህ ልነካው እፈራ ነበር። ሳይደነግጡ እየጨመሩ መጭመቅን እዚያ እንደገና ተማርኩ። ሞተሩ ቢጠፋብዎ የሚታዘብዎት ፍየል ብቻ ነው።

አደጋው፦ እዚህ ላይ ጓደኛ ይበልጣል። ብቻዎን ቢወድቁ ማን ያነሳዎታል? ወደ ሐረር ሲወጡ የደንገጎ ዳገት ጥምዝምዝ መንገድ አለ። ዓይን ገደሉ ላይ ከቀረ ሞተሩም ወደዚያው ያደላል። ከፊት ረጋ ብሎ የሚነዳ ሰው ካለ ግን ዓይንዎ መንገዱን ይከተላል። ጓደኛዎ ችኩል ከሆነ ይቅርብዎ። የኔው «ንዳው እንጂ!» እያለ ሊገድለኝ ነበር።

ያስፈራዎት ፍሬንና ፍሪሲዮን ከሆነ ከዚራ፣ ብቻዎን። ትራፊኩና ዳገቱ ከሆነ ታጋሽ ጓደኛ ይፈልጉ። የተጎዳው እጅዎ ወይም እግርዎ ገና የሚያምዎት ከሆነ ግን ሞተሩ ትንሽ ይቁም።