ለእርሳስ ወታደሮቼ ያሠራሁት የመስታወት ብፌ፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

ይህን ብፌ ላሠራው ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ስኒና ብርጭቆ ልትደረድርበት ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ እዘዘው፤ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠሩ የቆዩ ጥቃቅን ወታደሮች ልታስቀምጥበት ከሆነ ግን ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ። እኔ ያሠራሁት ለሁለተኛው ጉዳይ ነውና ከዚህ በታች የሚነበበው ምስጋና አለመሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ዕቃው እዚሁ ድሬዳዋ በትእዛዝ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ አካሉ ችፑድ ሆኖ ላዩ የዋንዛ መልክ ባለው ልባጥ የተሸፈነ፣ ፊቱና ሁለቱ ጎኖቹ መስታወት የሆኑ የሳሎን ብፌ ነው። መስታወቶቹ ሲልከን በሚባለው የመስታወት ማጣበቂያ ተጣብቀዋል፤ የበሮቹ ጠርዝ ደግሞ ዙሪያውን ጎማ ስላለው ሲዘጉ ግጥም ይላሉ። የድሬዳዋን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ግጥምታ ቀላል ነገር አይደለም። በበጋ ነፋሱ ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ እያነሣ ሲያመጣው፣ መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ ማታ የተወለወለ ጠረጴዛ ጠዋት በጣት ይጻፍበታል፤ ቀለሙ ያልደረቀ ምስል ላይ ያረፈ አቧራ ደግሞ መልሶ አይለቅም። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ደጋግሞ ያወራኝ ስለዚሁ ነበር። «አቦ፣ አየር እንኳ አይገባበትም!» ነበር ያለኝ። አሁን ሳስበው የዕቃውን ዋና ጉድለት በገዛ አፉ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ግን የተናገረው እንደ ሙገሳ አድርጎ ነው።

ወታደሮቹ ቁመታቸው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በጠረጴዛ ላይ ለሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ የተሠሩ ጥቃቅን ምስሎች ናቸው። ከናፖሊዮን ዘመን እግረኞች ጀምሮ ጥርሳቸውን እስካገጠጡ የተረት ጭራቆች ድረስ ሁሉም ዓይነት አለ፤ አብዛኞቹም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ ናቸው። ያ ዘመን የእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን አምራች ሚኒፊግስ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ የተቋቋመው ራል ፓርታ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1979 በእንግሊዝ ኒውአርክ ከተማ ሥራ የጀመረው ሲታደል የእርሳስና የቆርቆሮ (ቲን የሚባለው ብረት) ቅልቅል እያቀለጡ የተጫዋቹን ሁሉ ጠረጴዛ የሞሉበት ነው። በኋላ የእርሳስ መርዛማነት አሳሳቢ ሲሆን አምራቾቹ ፊታቸውን እርሳስ ወደሌለው ቅልቅል አዙረዋል፤ ራል ፓርታ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 ቀይሮታል። ስለዚህ አሮጌውን የሚሰበስብ ሰው እርሳስ እንደሚሰበስብ አውቆ መግባት አለበት። የእኔዎቹን እንግሊዝ አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየለቀመች በመንገደኛ እጅ ትልክልኛለች። መንገደኛው ሁሉ ትንሿን ጥቅል ሲያነሣ «ድንጋይ ነው እንዴ የላክሽው?» እንደሚላት ነግራኛለች።

እጄ ሲገቡ የቀድሞው ባለቤት የለደፈባቸውን ወፍራም ቀለም አነሣና እንደገና አክሪሊክ በሚባለው በውኃ የሚቀጥን ቀለም እቀባቸዋለሁ። ስለ አቀባቡ እዚህ ብዙ አልልም፤ በድሬ ሙቀት አክሪሊክ ብሩሹ ላይ እንዳለ ስለሚደርቅ በማለዳ መሥራትና ቀለሙን በረጠበ ስፖንጅ ላይ በተዘረጋ ወረቀት ማቆየት ግድ መሆኑን ብቻ ጠቅሼ ልለፍ።

ብፌው ውስጥ የሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት አንድ ፈረንሳዊ ከበሮ መቺ ለጨዋታ ሳነሣ ነው። ቀለሙን አንሥቼ ገና ያልቀባሁት፣ የኮቱ ቁልፎች እንኳ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ውብ ሥራ ነበር። ከመደርደሪያው ሳነሣው በቆመበት ቦታ የእግሩን መቆሚያ ቅርጽ የያዘ ነጭ ቀለበት ቀረ። ገልብጬ ሳየው ታቹ እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭ ጸጉር አውጥቷል። በጥርስ ብሩሽ ስነካው ዱቄቱ ረገፈ፤ ከዱቄቱ በታች የነበረው ብረት ግን ለስላሳ አልነበረም፤ ተቦርቡሮ ጎድጉዷል። ከበሮው ላይ የነበሩት ገመዶች ጠፍተዋል፤ አፍንጫውም ከጉንጩ ጋር ተስተካክሏል። ከጎኑ የቆሙትን ባልደረቦቹን ሳነሣቸው በየእግራቸው ሥር ያው ነጭ ቀለበት ነበረ።

ሻጩ ዘንድ ሄጄ ይህን ብነግረው የሚመልስልኝን አሁኑኑ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ «አቧራ ነው» ይላል። ወንድሜ፣ የድሬዳዋ አቧራ ቡናማ ነው፤ ከላይ ያርፋል፣ ሲጠረግም ይሄዳል። ይህ ነጭ ነው፤ ከብረቱ ውስጥ ይወጣል፣ ሲጠረግም ብረቱን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ «እርጥበት ነው፣ ሻጋታ ነው» ይላል፤ ሻጋታ ግን እርሳስን እንዲህ አይቦረቡርም። በመጨረሻም ትከሻውን ነቅንቆ «ዕቃህ አሮጌ ስለሆነ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኼኛው ነው። እነዚህ ወታደሮች ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት ዝናቡ በማያባራው በእንግሊዝ አገር፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተጣጥፈው ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረዋል። ሲደርሱኝ ቀለማቸው ተላልጦ፣ ጦራቸው ተጣሞ ነበር እንጂ አንዳቸውም ነጭ ዱቄት አልነበረባቸውም። ያን ሁሉ ዓመት በእርጥብ አገር የቻለ ብረት ድሬዳዋ ውስጥ ብፌ ገብቶ አንድ ዓመት ሳይሞላው ከተበላ፣ ጥፋቱ የብረቱ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሌላ የሚሸጠው ብፌ ያለው መሆን አለበት።

ምክንያቱ በዘርፉ የታወቀ ነው፤ ሙዚየሞችም የእርሳስ ቅርሶችን ከእንጨት መሳቢያ፣ በተለይ ከኦክ፣ የሚያርቁት በዚሁ ነው። እንጨት ሁሉ በመጠኑ የአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የአቼቶ አሲድ ተን ይተነፍሳል። ችፑድ ደግሞ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራ በመሆኑ ከዚህ በተጨማሪ ከሙጫው ፎርማልዴሃይድና ፎርሚክ አሲድ ይለቃል። ተኑ በተዘጋ ቦታ ሲጠራቀም ከእርሳሱ ጋር ይዋሃዳል፤ የተዋሃደው ነገር ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ወደ ነጭ እርሳስ ካርቦኔት ይለወጣል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ካርቦኔቱ ሲፈጠር አሲዱ ተመልሶ ነጻ ይወጣና ቀጣዩን የብረት ንብርብር ይይዛል። ስለዚህ አደጋውን ለማድረስ ብዙ አሲድ አያስፈልግም፤ ጥቂቱ እየተመላለሰ ይሠራል።

እንዲያውም ይህን ነገር የሰው ልጅ ሆን ብሎ ሲሠራው ኖሯል። ነጭ የሠዓሊ ቀለም ይዘጋጅ የነበረው እርሳስን በአቼቶ ተን ውስጥ በማቆየት ነው። የጥንት ግሪኮች ዘዴውን ያውቁት ነበር፤ ሆላንዶች ደግሞ እርሳሱን አቼቶ ካለበት ሸክላ በላይ እየደረደሩ በፈረስ ፋንድያ ይቀብሩትና ክፍሉን ዘግተው ለወራት ይተዉት ነበር። ፋንድያው ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፣ ሸክላው አቼቶውን፤ ክፍሉ ሲከፈት እርሳሱ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይገኛል። የኔን ብፌ ከዚህ የሚለየው ፋንድያ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው፤ የፋንድያውን ሙቀት ደግሞ ድሬዳዋ ያለ ክፍያ ትሰጣለች። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ከችፑዱ የሚወጣው ተንም ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ የቤቱ አየር በሚግልበት፣ ፀሐይም በመስኮት ገብታ መስታወቱን በምትመታበት ሰዓት፣ ያ ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ሣጥን ውስጡ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

በዚህ ላይ ሲልከኑ አለ። ብፌው ቤት በገባ ሰሞን በሩን በከፈትኩ ቁጥር የሰላጣ አቼቶ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ያፍነኝ ነበር። ሻጩ በስልክ «አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለቃል» አለኝ፤ እውነትም ለቀቀ፤ የለቀቀው ግን ወታደሮቼ ላይ ነው። ለመስታወት የሚሸጠው ርካሹ ሲልከን ሲደርቅ የሚያወጣው ያንኑ አሴቲክ አሲድ ነው። የሲልከኑ ሽታ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል፤ የችፑዱ ተን ግን ዓመታትን ይወስዳል፤ ስለዚህ «ጥቂት ወር አናፍሰው» የሚለው ምክር ለስኒ ባለቤት እንጂ ለእኔ አይሆንም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖር የጨዋታ ጓደኛዬ ተመሳሳይ ምስሎች አሉት፤ ግማሾቹ እንዲያውም ከአንድ ጥቅል የተካፈልናቸው ናቸው። እሱ የሚያስቀምጣቸው በቆየ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ውስጥ በተሠሩት ክፍት መደርደሪያዎች ላይ ነው። አቧራ አለባቸው፤ ድመቷም አልፎ አልፎ አንድ ሁለቱን ታወርዳለች። ነጭ ዱቄት ግን የለም። ሐረር ከድሬዳዋ ትቀዘቅዛለች፣ አየሩም በመደርደሪያው ላይ እንደልቡ ያልፋል። ብፌ ማሠራቴን ሲሰማ የቀናብኝ ሰው ዛሬ ሊያጽናናኝ ይደውላል።

ደስ ያሰኘኝ አንድ ነገር ቢኖር ቀለሙ ያደረገው ነው። ፕራይመር ተቀብተው፣ ቀለም ተደርበው፣ በመጨረሻ ቬርኒሽ የለበሱት ወታደሮች ከላይ አንዳች አልሆኑም፤ የተጎዱት ቀለም ባልደረሰበት በእግራቸው ታች ብቻ ነው። ቀለማቸውን አንሥቼ ለብሩሽ ያዘጋጀኋቸው ባዶዎቹ ግን ከሁሉ የባሰ ተበልተዋል። በባዶዎቹም መካከል ልዩነት አለ። ወረቀት ላይ ሲሰመሩ ግራጫ መስመር የሚተዉት፣ ጦራቸው ሳይሰበር እንደ ልብ የሚጣመመው፣ እርሳስ የበዛባቸው ናቸውና አለቁ፤ ሲጣመሙ ጭርር የሚል ድምፅ የሚያሰሙት፣ ቆርቆሮ የበዛባቸው፣ ያለ ጭረት ወጡ። አሮጌ ምስል የሚገዛ ሰው ይህን ሁለት ፈተና ቢያውቅ የትኞቹን አስቀድሞ መቀባት እንዳለበት ይለያል።

የተረፉትን ለማጽዳት ዱቄቱን በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ መርዝ ስለሆነ ወደ ሳንባ ይገባል። ጓንት አድርጌ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጥቼ፣ በጣሳ ውኃ ውስጥ ነክሬ በለስላሳ ብሩሽ አጠብኳቸው፤ በተጣራ ውኃ አለቀለቅኳቸው፤ በደንብ ከደረቁ በኋላም ታቻቸውን ጭምር ፕራይመርና ቬርኒሽ ቀባሁ። ከበሮ መቺው ታጥቦ ቆሟል፤ አፍንጫ ግን አይበቅልለትም።

ስለ ብፌው ሌላ ጠባይ ለሚጠይቅ፦ መቆለፊያው ይሠራል፣ መብራቱ ያምራል፣ መደርደሪያው አልጎበጠም። አሁን እህቴ ቤት ነው፤ ሲኒዎቿንና ብርጭቆዎቿን ደርድራበት እንግዳ ሁሉ ያደንቅላታል። እኔ ስለሱ ክፉ ስናገር ትቆጣለች፤ ለእሷ ዕቃ ያለው ጥቅም አይካድም፤ ግን የከፈልኩት ለስኒ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን የፕላስቲኮቹን አትሰበስብም?» የሚሉኝ አሉ። ፕላስቲኩ ይቀላል፣ አይመርዝም፣ ብፌም አይበላውም፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ነገር ግን በጣት ሲነሣ የሚከብደው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኳ የሚለው፣ ጠራቢው በእጁ የቀረጸው ጉድለት ፊቱ ላይ የሚታየው አሮጌው ነው። በወታደሮቹ አንድም ቀን አልተጸጸትኩም፤ የአክስቴ ልጅም መላኳን አላቆመችም።

አሁን የሚኖሩት ብየዳ ቤት ባሠራሁት የላሜራና የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ቀለሙ እስኪደርቅና ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ደጅ አቆየሁት፤ ከኋላው አየር የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አስበሳሁና በቀጭን ወንፊት አስሸፈንኩ። አቧራው በመጠኑ ይገባል፤ በብሩሽ ይጠረጋል። መስታወቱ በብሎን በታሠረ ቀጭን ላሜራ ተይዟል እንጂ በሲልከን አልተጣበቀም። ብየዳ ቤቱ ግን ያለ ሲልከን አልሠራም ካላችሁ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን፣ ማለትም ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ የማያወጣውን፣ እንዲያመጣ ንገሩት፤ ከመቀባቱም በፊት ጥቂት አስወጥታችሁ አሽትቱት፤ አቼቶ አቼቶ የሚል ከሆነ መልሱለት።