ስምንት ወር ከካራኦኬው ጋር፦ የዘገየው ድምፅና አልጠፋ ያለው ዘፋኝ

በመጀመሪያው ምሽት የካራኦኬ ጨዋታው ለአዘፋፈኔ የሰጠኝ ውጤት ከ10,000 ነጥብ 2,140 ነበር። ድምፀ መረዋ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም፤ ግን ይህን ያህልም አይደለሁም። ከእኔ ቀጥላ የተነሣችው የእህቴ ልጅ ዜማውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳትስት ዘፍና 2,900 ሲሰጣት ማይክሮፎኑን ሶፋው ላይ ወረወረችና «አጎቴ፣ ይህ ማሽን ጆሮ የለውም» አለችኝ።

ጆሮስ ነበረው። ዘፈኑ ከላፕቶፑ ወጥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ፣ የእኛም ድምፅ ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ግን ጨዋታው ወደሚቀጥለው ቃል አልፎ ይሄድ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

የምገመግመው አልትራስታር ዴሉክስ የተባለውን ነፃ የካራኦኬ ጨዋታ ከነመሣሪያዎቹ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተገናኘ ቴሌቪዥን፣ ሁለት የዩኤስቢ ማይክሮፎንና አንድ የብሉቱዝ ስፒከር ይዤ ጀመርኩ። ከስምንት ወር በኋላ ስፒከሩ ከዚህ ሥራ ተሰናብቷል፤ የቀሩት አሉ።

አንድ ወር ሙሉ ያባከንኩት መዘግየት አንድ ነገር ብቻ መስሎኝ ነው። ሦስት ነው። አንደኛው በማይክሮፎን የተናገርኩት በስፒከሩ እስኪሰማኝ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሁለተኛው በስክሪኑ ላይ በሚሮጠው ግጥምና በሚሰማው ሙዚቃ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ነጥብ የሚያስቀንሰው ነው፦ ሙዚቃውን ዘግይቼ ስለሰማሁ ዘግይቼ እዘፍናለሁ፤ ድምፄም ወደ ላፕቶፑ ለመግባት የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለቱ ተደምረው ጨዋታው «ዘግይተሃል» ይላል። እኔ ግን ሦስቱንም በአንድ የማስተካከያ ቁጥር ልፈውስ ስታገል ከረምኩ። አንዱ ሲቃና ሌላው ይጣመማል።

ከዚህ ያወጣኝ ቀላል ፈተና ነበር። ስልኬን በድምፅ መቅጃ ላይ አድርጌ ከማይክሮፎኑ አጠገብ አስቀመጥኩና የማይክሮፎኑን ራስ በጣቴ ጠቅ አደረግሁት። ስልኩ ሁለት ድምፅ ቀዳ፤ መጀመሪያ የጣቴን፣ ቀጥሎ በስፒከሩ ዞሮ የመጣውን። ቅጂውን ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ የድምፅ ማረሚያ ስከፍተው ሁለት እሾህ የመሰሉ ጉብታዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊሰከንድ ማንበብ ብቻ ነው። በብሉቱዝ 215 ሆነ። በቴሌቪዥኑ ስፒከር 110። ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ተራ ስፒከር ስወስደው 38።

ሰው የራሱን ድምፅ 200 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ሲሰማ አንደበቱ እንደሚተሳሰር ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠና ጉዳይ ነው። እኛም ሳሎን ውስጥ በገዛ ራሳችን ላይ ሞክረነው ኖሯል። የእህቴ ልጅ የቃሉን መጨረሻ ያለ ልክ ስትጎትት እየሳቅሁባት ነበር፤ ልጅቱ ግን የገደል ማሚቶዋን እየጠበቀች ነበር።

ይህን የመጀመሪያውን መዘግየት የጨዋታው ማስተካከያ ፈጽሞ አይነካውም። ዘግይቶ የወጣን ድምፅ ወደ ኋላ መልሶ ቀድሞ እንዲወጣ የሚያደርግ ቁልፍ የለም። ቴሌቪዥኖች ላይ የሚገኘው የድምፅ ማዘግያም እንደ ስሙ ማዘግየት ብቻ ነው የሚችለው፤ ሥዕሉ ኋላ ሲቀር ድምፁን ያስጠብቃል እንጂ የዘገየን ድምፅ አያፈጥንም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ወይ ብሉቱዙን ትቶ ገመድ መጠቀም፣ ወይ የማይክሮፎኑን ድምፅ በስፒከር የማሰማቱን አማራጭ ዘግቶ እንዲሁ ክፍሉ ውስጥ መዝፈን። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ። ሳሎን አዳራሽ አይደለም፤ ድምፃችን ያለ ማጉያም ይሰማል።

ሁለተኛው መዘግየት የቴሌቪዥኑ ነበር፤ ሥዕል ለማሳመር ብሎ ምስሎቹን ይዞ ያቆያቸው ነበር። ጌም ሞድ የሚባለውን የቴሌቪዥኑን ቅንብር ሳበራ ይህ ማሳመር ቀረና ግጥሙ ከሙዚቃው ጋር ተገናኘ። በጥንቃቄ ጉድለት ይህን ያደረግሁት በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን መደረግ የነበረበት ነው። ሶፋውን ወደ ስፒከሩ ማስጠጋቴ ግን ከንቱ ድካም ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ሦስት ሜትር ማለት ዘጠኝ ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ባለቤቴ ይህን ሒሳብ ሶፋውን ከመግፋታችን በፊት ብነግራት ትመርጥ ነበር።

የጨዋታውን የማይክሮፎን መዘግየት ቁጥር የነካሁት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አጫጭርና የተቆራረጡ ቃላት ያሉበት ዘፈን መርጬ፣ ድምፄ በስክሪኑ ላይ የሚሥለውን መስመር ተመለከትኩ። በእያንዳንዱ ቃል ላይ እኩል እየዘገየ ወደ ቀኝ ከወጣ ቁጥሩን መጨመር፣ ወደ ግራ ካለፈ መቀነስ። ለእኔ 60 ላይ ተቀመጠ።

አንድ ዘፈን ብቻ ከተዛነፈ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፣ የዘፈኑ ፋይል ነው። የአልትራስታር ግጥሞች ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ በራስጌው ላይ ጋፕ የሚል ቁጥር አለ፤ ሙዚቃው ከተጀመረ ከስንት ሚሊሰከንድ በኋላ ግጥሙ እንደሚነሣ ይወስናል። ግጥሙ ከሙዚቃው ከቀደመ ቁጥሩ ይጨመራል። በትክክል ጀምሮ መጨረሻ ላይ የሚላቀቅ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ በስሕተት ተጽፏል፣ ወይም የያዛችሁት ሌላ ቅጂ ነው፤ ጋፕ ቢነካኩት አይድንም።

አሁን ወደ ዘፋኙ። ከዋናው ድምፃዊ ጋር እየተሻሙ መዝፈን ስለሰለቸን ድምፁን ማጥፋት ፈለግን። የመጀመሪያው ዘዴ የቆየው ነው፦ የግራውን ቻናል ከቀኙ መቀነስ። ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ቻናል እኩል ስለሚቀመጥ ሲቀናነስ ይጠፋል። ችግሩ ቤዝና ከበሮም መሐል ላይ መቀመጣቸው ነው፤ አብረው ይጠፋሉ። የቀረው አጥንት የሌለው ሙዚቃ ነው፤ ከበስተጀርባውም ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ከሩቅ ይሰማል። ይህ የማስተጋቢያው ድምፅ ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ በተለያየ መልክ ስለተበተነ ቅነሳው አያገኘውም። ዝቅተኛውን ድምፅ ሳይነኩ ከላይ ያለውን ብቻ ማቀናነስ ቤዙን ያተርፋል። በአንድ ቻናል የተቀዳ የጥንት ዘፈን ላይ ሞክሬውማ ፍጹም ዝምታ ሆነ፤ ገመዱ የተበጠሰ መስሎኝ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ሁለተኛው ዘዴ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መለየት ነው። የሙዚቃ ማሰራጫው ድርጅት ዲዘር በ2019 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀውን ስፕሊተር የተባለ ፕሮግራም፣ ቀጥሎም ዲሙክስ የተባለውን ሞከርኩ። ዲሙክስ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ውጤቱ ግን ለጆሮዬ የጠራ ሆኖልኛል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ ከበሮው ከነሙሉ ጉልበቱ አለ። ሆኖም እነዚህ የሰው ድምፅ የሆነውን ሁሉ ስለሚያነሡ ተቀባዮቹም አብረው ይሄዳሉ። አውጪ ብቻውን ቀርቶ ተቀባይ የሌለው ዘፈን ምን ያህል እንደሚያስፈራ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አሁን የተለየውን የሰው ድምፅ በ18 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ አድርጌ ከሙዚቃው ጋር መልሼ እቀላቅለዋለሁ። ተቀባዮቹ በሹክሹክታ ይመልሳሉ፣ ግጥሙ የጠፋበትም ሰው መንገዱን ያገኛል። ሙሉ በሙሉ ከማጥፋት ይህን እመርጣለሁ።

አንድ ወጥመድ ግን ልንገራችሁ። የተለየውን ሙዚቃ በኤምፒ3 ሳስቀምጠው መጀመሪያው ላይ ጥቂት ባዶ ድምፅ ተጨመረበት፤ መጭመቂያው ራሱ የሚያመጣው ነው፣ 25 ሚሊሰከንድ ገደማ። ያስተካከልኩት ሁሉ እንደገና የተበላሸ መሰለኝ። ዌቭ በተባለው ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ሳስቀምጠው ጠፋ።

ሌላው አስቂኝ ነገር፣ አንድ ምሽት ማንም ምንም ሳይነካ ዘፋኙ በራሱ ጠፋ። የጆሮ ማዳመጫው መሰኪያ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። ሁለቱም ጆሮዎች የሚጋሩት ሽቦ ካልነካ በሁለቱ ጆሮዎች የሚሰማው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው፤ ማለትም ያ የቀድሞው ቅነሳ፣ በነፃ።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ ብዙ አልልም። የሚለካው የዜማውን ከፍታ ነው፤ ቃሉን አያውቅም፣ ስምንትዮሽ (ኦክታቭ) ወርዳችሁ፣ ማለትም ያንኑ ዜማ በወፍራም ድምፅ ብትዘፍኑም ግድ የለውም። ልጆቹ ይህን ደርሰውበት አፋቸውን ገጥመው በማንጎራጎር ብቻ ነጥብ ይሰበስባሉ። ረጅም ድምፅ እየተቆረጠ ካስቸገራችሁ በኮምፒውተሩ የማይክሮፎን ቅንብር ውስጥ ጫጫታ ማፈኛውን አጥፉ፤ የተራዘመ «አ»ን እንደ ማራገቢያ ድምፅ ቆጥሮ ያፍነዋል።

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት 8,760 አስመዘገበች። እኔ 5,300 ላይ ነኝ፤ የማመካኝበት ገመድም አልቆብኛል።